አምስተኛው ክብ

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና የደቡብ ፈረንሳይ ካርታ ብቻ ነን። ጁላይ መጀመሪያ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። መኪና ተከራይቼ ፕሮቫንስን ላሳያት አስቤያለሁ።

ሳምንቱን የመረጥኩት ለላቬንደሩ ስል ነው። ቫለንሶል ላይ አበባው ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ይፈካል። ጁላይ ሲጋመስ ደግሞ አጨዳው ይጀመራል። ትንሽ ከዘገየን የምናየው ባዶ ማሳ ነው።

መጀመሪያ በእርሳስ ያከበብኩት 11 ቦታ ነበር። አሁን ቫለንሶል፣ ሙስቲየ፣ የቬርዶን ሸለቆና የሳንት ክሯ ሐይቅ ቀርተዋል። የሚዮን ድልድይ ማጥፋት ከብዶኝ ነበር። 343 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ እኮ ነው! ግን ለእሱ ብዬ ቀኑን ሙሉ አውራ ጎዳና ላይ አላውላትም። ጉልበቷን ያማታል።

ልቤ ያለው ቬርዶን ላይ ነው። ገደሉ አንዳንድ ቦታ 700 ሜትር ይጠልቃል። ከላ ፓሉ መንደር ተነስቶ የገደሉን አፋፍ የሚዞር የ23 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ከፊሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነዳ በምሥራቅ በኩል ነው የሚገባው። ግማሽ ቀን ሰጥቼዋለሁ። ከ1999 ጀምሮ ወደ አካባቢው የተመለሱ ጥንብ አንሳዎች አሉ፤ አፋፉ ላይ ቆመህ የአሞራን ጀርባ ከላይ ታያለህ። እናቴን ገደል አያስፈራትም። ሊማሊሞን በአውቶቡስ ስትወጣና ስትወርድ ያደገች ናት።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ሐይቁ ላይ ስደርስ፣ በ1970ዎቹ ወንዙ ተገድቦ የተሠራ መሆኑን ነገርኳት። ሌ ሳል የሚባል መንደር ከሥሩ ቀርቷል።

«ሰዎቹስ?» አለችኝ።

«ከፍ ብሎ አዲስ መንደር ተሠራላቸው እማዬ። ስሙም ያው ነው።»

«መቃብሩስ?»

«እሱም ተነሥቶ ወደ አዲሱ ተወስዷል።»

ትንሽ ቆየችና «እዚያ መቃብር ሄደን እንቆማለን» አለች። ላቬንደሩን አላነሳችውም።

የአያቴ መቃብር ለመንገድ ሥራ ሲነሣ ከጎኑ የቆመችው እሷ ነበረች። እኔ ልጅ ነበርኩ። ነጠላዋ ጥለት ላይ የቀረው ቀይ አፈር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ቤት ገብታም ቶሎ አላጠበችውም።

ዛሬ ጠዋት አምስተኛ ክብ አስገባሁ፤ ሐይቁ ዳር፣ ሌ ሳል። ለቫለንሶል ከሰጠሁት ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀንሼ እዚያ ጨመርኩ። ጧፉን ከአዲስ አበባ ይዛ ትመጣለች።