ካርዱ ለምን ቆመ? ስለ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰሌዳ አያያዝ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የቡድን መሪዎች፣ ወደ ሙያው በመግባት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናነሣው በየቀኑ የምንከፍተውን ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራበትን የኦንላይን ፕሮጀክት ሰሌዳ። ትሬሎም ሆነ ጂራ፣ ጊትሀብም ሆነ ጊትላብ፣ መልኩ ያው ነው። አምዶች አሉ፣ በአምዶቹ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የያዙ ካርዶች አሉ፣ ሥራው በሄደ ቁጥር ካርዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከፍቶ ለመጀመር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። «በሥራ ላይ» በሚለው አምድ 30 ካርድ ይከመራል፤ ማን ምን እንደያዘ ለማወቅ ሰው በቻት እየተጠየቀ ይውላል፤ ሰሌዳው የሚከፈተው ሪፖርት ሲደርስ ብቻ ይሆናል።

የተሠራውን ኮዱ ይናገራል። ሊሠራ የታሰበው ዕቅዱ ላይ ሰፍሯል። የቆመውን ሥራ፣ የት እንደቆመና ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ የሚያሳየን ግን ሰሌዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሌዳ ስናደራጅ ደጋግመን የምንጠይቀው ይህን ይሁን፤ የቆመ ሥራ እዚህ ሰሌዳ ላይ መደበቂያ አለው ወይ?

ሐሳቡ የተወለደው ከሶፍትዌር ውጭ ነው፤ ስሙም ካንባን ይባላል። ካንባን የጃፓንኛ ቃል ሲሆን የምልክት ሰሌዳ እንደማለት ነው። በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ ባዳበሩት አሠራር ካርዱ የማምረት ፈቃድ ነበር፤ ካርድ ካልመጣ ዕቃው አይመረትም። ይህን ልብ በሉልኝ። ካርዱ ከጥንስሱ ገደብ ማበጃ ነበር። እኛ ወደ ሶፍትዌር ስናመጣው አምዱንና ካርዱን ወሰድን፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ሥራ ብዛት የሚወስነውን ገደብ ግን አብዛኞቻችን እዚያው ትተነው መጣን።

ከአምዶቹ እንጀምር። አምድ የሥራው ሁኔታ ስም ነው። የሰው ስም፣ የክፍል ስም ወይም የሳምንት ቀን አምድ ሲሆን ካርዱ ያለበት ደረጃ ይጠፋል። ለአብዛኛው ቡድን ስድስት አምድ ይበቃል፦ ዝግጁ፣ በሥራ ላይ፣ ሪቪው የሚጠብቅ፣ በሪቪው ላይ፣ ለመለቀቅ የሚጠብቅ፣ የተለቀቀ። ሪቪው ማለት ባልደረባ ኮዱን አንብቦ የሚፈትሽበት ነው። ሁለቱ የሚጠብቁ አምዶች ትርፍ ይመስላሉ፤ ከሁሉም የምሳሳላቸው ግን እነሱ ናቸው። ኮዱ ተጽፎ አልቆ ሦስት ቀን የሚያነበው ሰው ያጣ ሥራ «በሥራ ላይ» ውስጥ ከተቀመጠ የሚሠራ ይመስላል። የራሱ አምድ ሲሰጠው ግን ክምሩ በዓይን ይታያል።

«የታገደ» የሚባል አምድ እንዳትከፍቱ እመክራለሁ። የታገደ ካርድ ወደዚያ ሲዛወር ቀድሞ የነበረበት ደረጃ ይረሳል፣ አምዱም መጋዘን ይሆናል። ካርዱ ባለበት ይቆይ፤ ቀይ ሌብል (መለያ ምልክት) ይለጠፍበት፤ ምን እንዳገደው፣ ከማን መልስ እንደሚጠበቅና የታገደበት ቀን በአንድ መስመር ይጻፍበት።

ለእያንዳንዱ አምድ የመግቢያ ሁኔታ ጻፉለት። በተለይ የመጨረሻው አምድ አከራካሪ ነው። ለአንዱ «አለቀ» ማለት ኮዱ ሜርጅ ሆነ (ከቡድኑ ኮድ ጋር ተቀላቀለ) ማለት ነው፣ ለሌላው ተጠቃሚው እጅ ገባ ማለት ነው። «የተለቀቀ» ብላችሁ ስትሰይሙት ክርክሩ ገና ከስሙ ይዘጋል።

መሣሪያዎቹም እያንዳንዳቸው ካርድ የሚሰውሩበት መንገድ አላቸው። ጂራ ላይ አምድ ከስታተስ (የሥራውን ደረጃ ከሚገልጸው ስም) ጋር ይያያዛል፤ አንድ ሰው አዲስ ስታተስ ፈጥሮ ከየትኛውም አምድ ጋር ሳያያይዘው ከቀረ፣ በዚያ ስታተስ ያለው ካርድ በሙሉ ከሰሌዳው ይጠፋል። አልተሰረዘም፤ አይታይም እንጂ። ጊትሀብ ላይ አምዱ የሚመጣው ስታተስ ከሚባለው ፊልድ (የመረጃ መሙያ ቦታ) ነው፤ ስታተስ ያልተሰጠው ካርድ ስታተስ የለሽ ወደሆነው አምድ ይገባል፣ ያንን አምድ የደበቀ ቡድን አዲስ የገቡ ሥራዎችን አያያቸውም። ጊትላብ ላይ አምዱ በሌብል ሲሠራ፣ ሁለት ሌብል የያዘ ካርድ በሁለት አምድ ይታያል። ስለዚህ ሰሌዳውን ባቋቋማችሁ ቀን አንድ የሙከራ ካርድ ፍጠሩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምድ አስኪዱት፤ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ያኔ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ገደቡ ልመለስ፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ ብታደርጉ ይህ እንዲሆን እወዳለሁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጡት ሕግ አለ። በወረፋ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ወደ እኛ ሰሌዳ ሲመጣ እንዲህ ይነበባል፦ አንድ ካርድ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ በእጅ ላይ ያሉ ካርዶች ብዛት በሳምንት ለሚያልቁት ሲካፈል ነው። 12 ካርድ ተጀምሮ በሳምንት 4 የሚያልቅ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ካርድ በአማካይ 3 ሳምንት ይቆያል። የሚያልቀው 4 ሆኖ በእጅ ያለውን ወደ 6 ብታወርዱት ቆይታው አንድ ሳምንት ተኩል ይሆናል። ማንም ማታ አላመሸም፣ ማንም አልተቀጠረም፤ የተጀመረው ብቻ ነው የቀነሰው።

ለአምስት ሰው ቡድን «በሥራ ላይ» ለሚለው ቢበዛ 5 ካርድ፣ ለሁለቱ የሪቪው አምዶች በድምሩ 3 ብላችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ሳምንት ተመልክታችሁ አስተካክሉ። ገደቡ አንድም ቀን ካልቆነጠጣችሁ ሰፍቷልና ቀንሱት። ጊትሀብና ጂራ ገደቡ ሲታለፍ ምልክት ያሳያሉ እንጂ ካርዱን አያስቆሙትም። ስለዚህ የሚያስቆመው የቡድኑ ስምምነት ነው፤ የሪቪው አምድ ከሞላ፣ ሥራ የጨረሰ ሰው አዲስ ካርድ ከመሳብ ይልቅ የባልደረባውን ኮድ ያንብብ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አዲስ ሥራ መጀመር የሠራን ያስመስለናል።

ገደቡ ትርጉም እንዲኖረው ካርዶቹ በመጠን መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ካርድ የግማሽ ቀን፣ ሌላው የወር ሥራ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። ከሦስት ቀን በላይ የሚፈጅ የመሰለን ካርድ ይከፈል።

አንድ ካርድ ቀረብ ብለን እንይ። «ሎግኢን ይስተካከል» የሚል ካርድ ሁላችንም አይተናል። ምኑ ነው የሚስተካከለው? መቼ ነው አለቀ የሚባለው? የወሰደው ሰው ጠያቂውን ፍለጋ ይሄዳል፣ ጠያቂው ስብሰባ ላይ ነው፣ ካርዱም ይቆማል። ያንኑ ሥራ እንዲህ ብለን እንጻፈው፦ «የይለፍ ቃል የቀየረ ተጠቃሚ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ከአካውንቱ ይውጣ»። ከሥሩ ሦስት ማረጋገጫ ይኑር። የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ በአሮጌው ቶከን (ተጠቃሚው መግባቱን በሚያሳየው ዲጂታል ማለፊያ) የመጣ ጥያቄ 401፣ ማለትም ማንነቱ እንዳልተረጋገጠ የሚናገር የስህተት ኮድ፣ ይመለስለት፤ የቀየረበት መሣሪያ ግን እንደገባ ይቆይ፤ ሁለቱም ሁኔታዎች ቴስት ይኑራቸው። ቀጥሎ የማይነካው ይጻፍ፤ በኢሜይል የሚላከው ማሳወቂያ የዚህ ካርድ አካል አይደለም። ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ሰው የተመደበበት ካርድ ላይ እያንዳንዱ ሌላኛውን ይጠብቃል።

ሰሌዳውን ከኮዱ ጋር ማገናኘት ብዙ የእጅ ሥራ ይቀንሳል። ጊትሀብ ላይ በፑል ሪኩዌስቱ (ኮዱ እንዲቀላቀል በሚቀርበው ጥያቄ) መግለጫ «ክሎዝስ» (Closes) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከኢሹው (ሥራው ከተመዘገበበት ገጽ) ቁጥር አስቀድማችሁ ስትጽፉ፣ ሜርጅ ሲሆን ኢሹው ራሱ ይዘጋል፣ ካርዱም ወደ መጨረሻው አምድ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። የሚያሳስተው ግን ይህ የሚሠራው ወደ ዋናው ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ሜርጅ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው። ሥራውን ዴቨሎፕ በሚባል ሌላ ብራንች የሚያጠራቅም ቡድን ካርዱ ለምን አልተዘጋም እያለ ይደናገራል። ሌላም አለ፤ አዳዲስ ኢሹዎችን በራሱ ወደ ሰሌዳው የሚጨምረው ቅንብር ከመከፈቱ በፊት የነበሩትን አያመጣም፤ እነሱን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ኢሹ ሲዘጋ ካርዱን ወደ «የተለቀቀ» የሚወስድ አውቶሜሽን (በራሱ የሚሠራ ቅንብር)፣ ሜርጅ ከሆነ በኋላ መለቀቅ ቀናት ለሚወስድበት ቡድን ውሸት ይናገራል። እዚያ ላይ መድረሻው «ለመለቀቅ የሚጠብቅ» ይሁን።

ፈቃድን በአጭሩ። ካርድ ማንቀሳቀስ የሁሉም፣ አምድና አውቶሜሽን መቀየር የሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲኖር። ጊትሀብ ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰሌዳ የግል ሪፖዚቶሪ (የኮድ ማከማቻ) ኢሹዎች ፈቃድ ለሌለው አይታዩም፤ በሰሌዳው ላይ ብቻ የተጻፉ ድራፍቶች (ረቂቅ ካርዶች) ግን ለማንም ይታያሉ። የይለፍ ቃልና ኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሲገናኙ የሚጠቀሙበት ምስጢራዊ ኮድ) በካርድ ላይ ፈጽሞ አይጻፍ። ከተጻፈ ደግሞ ማጥፋቱ አይበቃም፤ በታሪኩና በተላኩት የኢሜይል ማሳወቂያዎች ውስጥ ይቀራልና ቁልፉ ራሱ ይቀየር።

የዕለቱ ስብሰባ ላይ ሰሌዳውን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት። «ትናንት ምን ሠራህ?» እያልን በሰው ስንዞር ሰው ራሱን ይከላከላል፤ በካርድ ስንዞር ግን ሁሉም ወደ ሥራው ያያል። ለመለቀቅ ከቀረበው እንጀምራለን፤ ይህ ካርድ ዛሬ እንዲያልቅ ምን ይጎድላል? ከትናንት ወዲህ የተንቀሳቀሰውን እንለፈው፤ የቆመው ላይ እንቆይ። በዚህ መንገድ ለስምንት ሰው 15 ደቂቃ ይበቃል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ጽዳት ይደረግ። ከተለቀቁ 14 ቀን ያለፋቸው ካርዶች አርካይቭ ይሁኑ። በየአምዱ አምስት ቀን ያልተነካ ካርድ ይጠየቅ። ባክሎግ (ገና ያልተጀመሩ ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ 90 ቀን ማንም ያላነሣው ካርድ፣ የደኅንነት ጉዳይ ወይም የሕግ ግዴታ ካልሆነ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ይዘጋ። ሥራው በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚፈልገው ሰው መልሶ ይከፍተዋል፤ ያኔ ካርዱን እንደ አዲስ እንዲጽፈው ጠይቁት፣ ምክንያቱም በሦስት ወር ውስጥ ኮዱ ተለውጧል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ የራሳችሁን ሰሌዳ ከፍታችሁ ጠብቁኝ፤ ከሁሉም በላይ የቆየውን ካርድ አብረን እናየዋለን።