በ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ሄይቲ ለምን ፈረሰች? ቺሌስ ለምን ቆመች?

እንደምን ሰነበታችሁ ወሎዬዎች! ከወሎ ውጭ ያላችሁም እንዲሁ። ዛሬ አንድ ዓመት እናነሳለን፤ 2010ን። በፈረንጅ ነው እንግዲህ! በእኛ 2002 እና የ2003 መጀመሪያ መሆኑ ነው። "የ2010 የዓለም ዋንጫ እኮ ሩሲያ ነበር" ብላችሁ ከታች የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ በሀበሻ አቆጣጠር ልክ ናችሁ። ዛሬ ግን የደቡብ አፍሪካው ዓመት ላይ ነን።

ዓመቱን በሩጫ እንለፈው። 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ካሊፋ ዱባይ ላይ ተመረቀ። ሚያዝያ 6 አይስላንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ስለሆነ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል፣ ተርባይኑ ላይ ይጋገራል፤ በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ሰማይ ለቀናት ተዘጋ፣ 100,000 ገደማ በረራ ተሰረዘ። ሚያዝያ 12 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፣ ዘይቱ 87 ቀን ፈሰሰ። በክረምቱ ፓኪስታን በጎርፍ ተጥለቀለቀች። የዓለም ዋንጫውን ኢኒዬስታ በ116ኛው ደቂቃ ለስፔን አስገኘ። የጋናው ጂያን የሳተው ፔናልቲ? እሱን ተዉኝ፣ አሁንም ያመኛል። ታኅሣሥ 8 ቀን 2003 ቱኒዚያ ውስጥ ሞሐመድ ቡአዚዚ ራሱን አቃጠለ፣ ከዚያ በኋላ ዐረቡ ዓለም የሆነውን ታውቁታላችሁ።

እኔ ግን ከዚያው ዓመት ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦችን ብቻ ይዤ መቀመጥ ነው የምፈልገው።

(ስክሪን ላይ፦ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን)

አንደኛ፣ ሄይቲ። ጥር 4 ቀን 2002፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53። መጠኑ 7.0። ሁለተኛ፣ ቺሌ። የካቲት 20፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ34። መጠኑ 8.8። በመካከላቸው 46 ቀን ብቻ ነው። ሄይቲ ውስጥ የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ቺሌ ውስጥ የሞተው 525 ገደማ፣ ከዚያም ውስጥ ከ150 በላይ የሚሆነውን የወሰደው የባሕሩ ማዕበል (ሱናሚው) ነው።

ትንሹ ብዙ ገደለ፣ ትልቁ ጥቂት። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህን ርዕስ ባነሳን ቁጥር አንድ ኮሜንት አይቀርም፦ "7 ከ10 እና 8.8 ከ10 ያን ያህል አይራራቁም፣ ልዩነቱ 1.8 ነው።"

ኧረ ከ10 አይደለም! እናንተዬ፣ ከ10 አይደለም! የፈተና ውጤት አይደለም፣ "ሙሉ ማርክ" የሚባል ነገር የለውም። እስከ ዛሬ በመሣሪያ ከተለካው ሁሉ ትልቁ 9.5 ነው፣ እሱም እዚያው ቺሌ፣ በፈረንጅ 1960 የተከሰተው። ቁጥሩ በ1 ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። በ2 ሲጨምር 1,000 እጥፍ። ስለዚህ 8.8 ከ7.0 ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ 500 እጥፍ ያህል ነው። አምስት መቶ! አንዳንዱ ደግሞ "እንግዲያው መለኪያው ተሳስቷል" ይላል። አልተሳሳተም። መጠን የሚነግረን ምንጩ ላይ ስንት ጉልበት እንደወጣ ነው፤ እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ምን ያህል እንደተናጠ ሌላ ልኬት ነው፣ እሱ በርቀትና በአፈሩ ይወሰናል። የሄይቲው ከዋና ከተማዋ ከፖርቶፕራንስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 13 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር፤ ከተማዋ ሥር ማለት ይቻላል። የቺሌው ባሕር ላይ፣ 35 ኪሎ ሜትር ጥልቀት።

ርቀቱ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ቀሪውን የሚያስረዳው ግንባታው ነው፣ ለእሱ ደግሞ የጭቃ ቤት እንሥራ።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ለምንድን ነው? ጭቃ ብቻውን ቢመረግ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ጭቃ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢጎትቱት ግን ወዲያው ይለቃል። መጎተቱን የሚችለው ጭዱ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ሁለቱን ወገን ይዛ "አትላቀቁም" ትላለች። ጭዱ ሻካራ ስለሆነ ነው የሚይዘው፤ ለስላሳ ነገር ብትጨምሩ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጭዱ አንድ ቦታ ብቻ ከተከመረም ሌላው ቦታ ይሰነጠቃል። ሌላም አለ። ማገሩ ከቋሚው ጋር በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል አይደል? ልጡ ከላላ፣ ምርጊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳው ይንገዳገዳል።

አሁን ኮንክሪት በሉት። ሲሚንቶው ጭቃው ነው፣ ፌሮው ጭዱ ነው፣ ስታፋው፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭኑ ብረት፣ ልጡ ነው። በቃ፣ መዋቅር ተማራችሁ! (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚህ ጋ አድርጉ፣ ይህን ያህል ካስተማርኳችሁ።)

ሄይቲ ውስጥ ሦስቱም ጎደለ። ሲሚንቶው ሳስቷል፣ ፌሮው ብዙ ቦታ ልሙጥ ነው፣ ስታፋው የተራራቀ ነው። ከላይ ከባድ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል)፣ ከታች ቀጭን ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ መሐሉ ብሎኬት። መሬቱ ወደ ጎን ሲገፋ ኮለኑ ጫፉ ላይ ተሰበረ፣ ሶሌታው በሶሌታ ላይ ተደራረበ። ብሔራዊው ቤተ መንግሥት ሳይቀር ወደቀ።

ቺሌ ከ1960ው በኋላ ደንቧን ደጋግማ አጠበቀች። ሕንፃዎቿ ከታች እስከ ላይ የሚዘልቅ የኮንክሪት ግድግዳ ይበዛቸዋል። የመዋቅር ጉድለት ከተገኘ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ተጠያቂነት አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከፌሮው ይልቅ ይህ 10 ዓመት ነው የሠራው። ቺሌም ቢሆን ፍጹም አይደለችም፤ ኮንሴፕሲዮን ከተማ ውስጥ አንድ አዲስ ባለ15 ፎቅ ሕንፃ ተጋድሞ 8 ሰው ገድሏል።

"ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምኑ ነው?" የምትሉ፣ ካርታ አውጡ። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከከሚሴ ቀጥሎ ካራቆሬን ታገኛላችሁ። በ1953 ዓ.ም. እዚያ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጥነው።

ቶሎ ቶሎ እንበለው፣ የሚሠራ ሰው ይጻፍ። ሲሚንቶ 1፣ አሸዋ 2፣ ጠጠር 3። ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ውሃ 25 ሊትር ገደማ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። "ቀጭኑትና ይፍሰስ" የሚል ግንበኛ አለ፤ ውሃ በጨመረ ቁጥር ኮንክሪቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይበዛል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ፌሮው ባለ ጥርስ ይሁን። ስታፋው ኮለኑ ከቢሙ (ከአግዳሚው ኮንክሪት) ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ጫፍ ይጠጋጋ፣ በየ10 ሳንቲ ገደማ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከቀረ፣ የላይኛው ሽፋን ሲረግፍ ይከፈታል። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። መንገድ ዳር ለሱቅ ተብሎ ምድር ቤቱ ክፍት የሆነ፣ ከላይ ግን በግድግዳ የተሞላ ፎቅ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሚሰበረው ያ የሱቁ ወለል ነው፤ ኢንጂነር ሳታማክሩ አንድም ፎቅ አትጨምሩበት።

እና ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ከመታሸጉ በፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ የስታፋውን ጫፍ ፎቶ አንሱ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማንም አያየውም፣ አናጺውም አያሳያችሁም።

በሚቀጥለው ከዚያው ዓመት፣ ከዚያው ከቺሌ አንወጣም፤ 33 ማዕድን ቆፋሪዎች 700 ሜትር መሬት ሥር 69 ቀን ቆይተው፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የብረት ካፕሱል እንዴት አንድ በአንድ እንደወጡ እናያለን። ደወሏን ተጫኑ፣ አብሽሩ፣ ከዚህኛው ያጥራል።