መጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ ሞረድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር ስለሚጎርሰው ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ነው የማወራው። ምቱ ሲስት ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ማነጣጠሪያ ይገዛል። እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ ባይ ነኝ። የባሩዱ መጠንና አረሩ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ውፍረት ከተለዋወጠ፣ ጥቀርሻውም በየመሃሉ ካልተጠረገ፣ የትኛውም ማነጣጠሪያ አያድንም። ምቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከመሃል ከራቁ ግን፣ አዎ፣ ጉዳዩ የማነጣጠሪያው ነው።

ከሥራው በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ከኋላው ተከፍቶ ስለማይታይ መጎስጎሻውን እስከ ታች አስገቡና አፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉበት። አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከቱቦው ጎን ስታስተያዩት እስከ ድፍኑ ጫፍ ካልደረሰ፣ ውስጥ የቀረ ነገር አለ።

አሁን ስሌቱ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት በስህተቱ መጠን አባዙ፣ እስከ ዒላማው ባለው ርቀት አካፍሉ። መካከላቸው 700 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በ50 ሜትር ላይ ምቱ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል፣ የሚፈለገው ለውጥ 1.4 ሚሊሜትር ነው። የፊተኛው ወደ ስህተቱ ይሄዳል፤ የኋለኛው ምቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ከመታ የፊተኛው ይሞረዳል። ከፍ ብሎ ከመታ ግን የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው። ከተሰላው ግማሹን ብቻ ሞርዱ፣ ተኩሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

አብዛኞቹ ማነጣጠሪያዎች የሚቀመጡት ቱቦው ላይ በአግድም በተቆረጠ፣ ታቹ ከላዩ በሚሰፋ ቦይ ውስጥ ነው። የተለመደው ስፋት 3/8 ኢንች፣ የጎኖቹ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። አዲሱ አልገባም ካለ ቦዩን አትንኩ፤ የማነጣጠሪያውን እግር ሞርዱ። እግር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፣ ቱቦ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያዙ፣ አንዱ ገጹ ጥርሱ ተፍቆ የለሰለሰ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዱን ጎን ስትሞርዱ ሌላውን ይበላባችኋል። በጣት ግፊት ሲሶው ከገባ ይበቃል። ቀሪውን ቱቦውን በሞርሳ፣ በእንጨት መሃል ይዛችሁ፣ በነሐስ ዘንግና በትንሽ መዶሻ ግፉት። የብረት ዘንግ ማነጣጠሪያውን ይጨፈልቃል። ከመጠን በላይ ተሞርዶ ከላላ፣ ከሥሩ ስስ የነሐስ ቅጠል ማስገባት ያጠብቀዋል።

የኋለኛው እየደበዘዘ የሚታያችሁ ከሆነ ቀዳዳ ያለው ማነጣጠሪያ በጣም ይረዳል፤ ዓይን የፊተኛውን ብቻ ነው የሚያጠራው። ለአደን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይመረጣል፣ ጠባቡ በማለዳና በምሽት ብርሃን ያሳጣል። ለመግጠሚያው ብሎን ስትበሱ ባሩዱ የሚቀመጥበትን የቱቦውን ክፍል በፍጹም አትድረሱበት።

የሚያብረቀርቅ የነሐስ ማነጣጠሪያ ደግሞ ፀሐይ ከቀኝ ስትመታው ምቱን ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ዓይን የበራውን ጎን መሃል አድርጎ ስለሚይዝ ነው። የሻማ ጥላሸት ይቀባ። ቦዩ ውስጥም ዘይት ጣል አድርጉ፤ የባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፣ ዝገቱ ከእግሩ ሥር ነው የሚጀምረው።