ላይፖሳክሽንና የታመመ ልብ

የተከበራችሁ የልብ ሕሙማን፣ አስታማሚ ቤተሰቦችና የሙያ ባልደረቦቼ፣

«የልብ ሕመም አለብኝ፤ የሆዴን ስብ በላይፖሳክሽን ባስወጣ ያሰጋኛል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለሰመመን ባለሙያዎች በየጊዜው ይቀርብልናል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ስቡን የሚመጠውን ቱቦ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ አስቀድሞ ከቆዳ ሥር የሚገባው ፈሳሽ ነው።

ዛሬ በተለመደው አሠራር ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣና የደም ሥር የሚያጠበው አድሬናሊን በጨው ውሃ ተበጥብጠው፣ አንዳንዴ በብዙ ሊትር፣ ወደ ስቡ ይገባሉ። አድሬናሊን የደም መፍሰስን ይቀንሳል፤ ወደ ደም ሲዘልቅ ግን የልብ ምትን ስለሚያፈጥን፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበበት ሰው ልቡ የሚጠይቀውን ያህል ኦክስጅን ላያገኝ ይችላል። ሊዶኬይን ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ራሱ ለልብ ምት መዛባት ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ መጠኑ ሲበዛ ምትን የሚያዛባ ነው። ይህን መድኃኒት የሚያስወግደው ጉበት ሲሆን፣ የደከመ ልብ ለጉበት የሚልከው ደም አነስተኛ ነው፤ አሚዮዳሮንና ፕሮፕራኖሎል የተባሉት የልብ መድኃኒቶችም ማስወገዱን ያዘገዩታል። ሊዶኬይኑ በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ታካሚው በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የገባው ፈሳሽም አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል፣ የልብ ድካም ባለበት ሰው ላይም ሳንባ ውስጥ ሊያቁር ይችላል።

በቅድመ ምርመራ ቅጽ ላይ «የሚወስዱት መድኃኒት» የሚለው ቦታ ባዶውን ሲመለስ አያለሁ። ደግሜ ስጠይቅ «መድኃኒት እንኳ አልወስድም፤ ያቺን የደም ማቅጠኛ ብቻ ነው» ይሉኛል። ያቺ «ብቻ» የተባለች ክኒን ካልቆመች ደም ሊፈስ ይችላል፤ በቅርቡ ስቴንት (የጠበበን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ለገባለት ሰው ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ ከቆመች ደግሞ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊደፈን ይችላል። ከስቴንት በኋላ ወራትን፣ ልብ ደም ተቋርጦበት ከተጎዳ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 60 ቀናትን መታገሥ የሚመከረው አስቸኳይ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ነው፤ ለመልክ ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ፈጽሞ አያስቸኩልም።

«ለልቤ ብዬ ነው» የሚሉም አሉ። ላይፖሳክሽን ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ እንጂ ሆድ ዕቃን የከበበውን አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፣ 15 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸው ሴቶች በርካታ ኪሎ ስብ ከወጣላቸው በኋላ የደም ግፊታቸውም ሆነ የኮሌስትሮል መጠናቸው እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ለልብ ተብሎ የሚደረግበትን ምክንያት ለእኔ አሳጥቶታል።

ይህ ማለት በሩ ለሁሉም ተዘግቷል ማለት አይደለም። ግፊቱ የተስተካከለ፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ የሚወጣ፣ የልብ ሐኪሙ መርምሮ የፈቀደለት ሰው፣ ከትንሽ የሰውነት ክፍል ላይ፣ የልብ ምት መከታተያ ባለበት ሆስፒታል ቢያሠራ አልቃወምም። ከ5 ሊትር በላይ ማስወጣት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ሌሊት ስጋደም ትንፋሽ ቢያጥረኝ፣ ስልኩን የሚያነሣልኝ ማን ነው?» «ጠዋት ይደውሉ» ካላችሁ፣ ቀጠሮውን አትያዙ።