ባዕድ መድረሻ ወይስ የጥንት ባለቤት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ርዕሴ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይመስላል፤ ግን አትሽሹ፣ ፈተና የለውም።

ትምህርት ቤት ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ተምረናል አይደል? «ነት» ባዕድ መድረሻ፣ «ኛ» ባዕድ መድረሻ፣ «አዊ» ባዕድ መድረሻ። ባዕድ የተባሉት ብቻቸውን ቆመው ትርጉም ስለማይሰጡ ነው፤ ከሌላ ቃል ጀርባ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። እንግሊዝኛው ጋ ስትሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚያ የቃል ጭራ የምንላቸው፣ «ደም»፣ «ሁድ»፣ «ሊ» የሚሉት፣ ብዙዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ነበሩ። ባዕድ ሳይሆኑ ባለቤት ነበሩ ማለት ነው። ከጊዜ ብዛት ሰው ትርጉማቸውን ረሳና ጭራ ሆነው ቀሩ። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ጨዋታ ታዲያ ይሄ ነው፦ የተረሳውን ትርጉም ወደ ቦታው እመልስና የዛሬውን ቃል እንደ አዲስ አነበዋለሁ። ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴም ያስደነግጣል።

በ«ደም» ልጀምር፤ ምክንያቱም ለአማርኛ ጆሮ ድርብ ጨዋታ አለው። ኪንግደም፣ ፍሪደም፣ ዊዝደም። እኛ ስንሰማው ደም ነው፤ ኪንግደም የንጉሥ ደም፣ ፍሪደም ነጻ ደም። ሰሙ ይሄ ነው። ወርቁ ደግሞ ፍርድ ነው። ጥንት «ዶም» ማለት ፍርድ፣ ሕግ ማለት ነበር፤ ዛሬ ጥፋትና የክፉ ቀን ዕጣ የሚባለው «ዱም» የሚለው ቃል ራሱ እሱ ነው። ንጉሡ አሸናፊው ዊልያም በፈረንጆቹ 1086 የእንግሊዝን መሬትና ሀብት ያስመዘገበበትን መዝገብ ሕዝቡ «ዱምስዴይ» ብሎታል፣ የፍርድ ቀን መጽሐፍ፤ አንዴ እዚያ ላይ ከተጻፈ ይግባኝ የለውማ። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ኪንግደም የንጉሥ ፍርድ የሚደርስበት አገር ነው፣ ዊዝደም የብልህ ሰው ፍርድ ነው። እስከዚህ ያምራል። አሁን አዳዲሶቹን እንሞክር። ቦርደም፦ መሰልቸት ተፈርዶበት የተቀመጠ ሰው። ስብሰባ ላይ ሦስተኛው ተናጋሪ «እኔ አጭር ነገር ነው የምለው» ሲል የሚሰማችሁ ስሜት አለ አይደል፣ እሱ ፍርድ ነው፣ ይግባኝም የለውም። ፋንደም ደግሞ የደጋፊዎች ፍርድ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የእግር ኳስ ደጋፊዎች መሀል የገባ ሰው ይሄን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የምወደው፣ «ስተር»። ይሄኛው በጥንት ዘመንም ጭራ ነበር፤ ግን የሴት ጭራ ነበር። ሥራውን የምትሠራው ሴት ናት የሚል ምልክት። ዌብስተር ሸማኔዋ። ባክስተር ዳቦ ጋጋሪዋ። ብሩስተር ጠማቂዋ። ስፒንስተር ፈታይዋ። ኋላ ላይ ምልክቱ እየደበዘዘ ሄደ፤ ወንዶችም በስሙ ይጠሩ ጀመር፣ ከዚያ የቤተሰብ ስም ሆነ። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1828 ትልቁን የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣው ኖህ ዌብስተር፣ ያ ሁሉ ቃል የፈታ ሰው፣ ስሙ ሲፈታ «ሸማኔዋ ኖህ» ነው። (እኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባል።)

ከእነዚህ ሁሉ ዕድሏ የከፋው ስፒንስተር ናት። ፈታይ ማለት ሙያ ያላት፣ በእጇ የምታድር ሴት ነበረች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ በሕግ ሰነድ ላይ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ስድብ ሆነ፤ እኛ «ቆሞ ቀር» እንደምንለው። እንግሊዝና ዌልስ ከጋብቻ መዝገባቸው ላይ ያስወጡት ገና በፈረንጆቹ 2005 ነው። ሙያዋን ቀምተው፣ ባል የለሽም ብለው በሙያዋ ስም ሰደቧት። እኔ ይሄን ቀልድ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ምልክቱ ሲረሳ ደግሞ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ልብስ ሰፊዋን ሲምስተር ይሏት ነበር፤ «ስተር» የሴት መሆኑን ሰው ሲረሳው ሌላ የሴት ጭራ ጨመሩባትና ሲምስትረስ አሏት። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ሴት ሆነች። ሁለት ነጠላ እንደ መደረብ ነው። ጨዋታውን ወደ ዛሬ ካመጣነው ጋንግስተር ወሮበላዋ ነው የሚሆነው። ወርቅ ሰንሰለት ያንጠለጠለ፣ ፊቱን ያጠቆረ ጎረምሳ «እኔ ጋንግስተር ነኝ» ሲላችሁ በልባችሁ «እሺ እትዬ» በሉት። በልባችሁ ብቻ ግን።

«ለስ»ንም እንይ። ሆምለስ፣ ጆብለስ፣ ኬርለስ። ብዙ ሰው «አነስተኛ» ከሚለው ሌስ ጋር ያገናኘዋል፤ ዝምድና የላቸውም፣ መልክ ነው ያመሳሰላቸው። የጭራው «ለስ» ትርጉም ነጻ፣ የተላቀቀ ማለት ነበር። ጆብለስ ከሥራ ነጻ። ኬርለስ ከሐሳብ ነጻ። በዚህ አያያዝ ሥራ ፈትቶ ካፌ የተቀመጠ ጓደኛችሁን «ፍሪደም ላይ ነህ» ብትሉት ከሰዋስው አንፃር አልተሳሳታችሁም።

«ሊ» የሚለው ደግሞ ትንሽ ያስፈራል። ፍሬንድሊ (ወዳጃዊ)፣ መንዝሊ (ወርሃዊ) ውስጥ ያለው። ጥንት «ሊች» ማለት ሰውነት፣ አካል ነው፤ የሞተም የቆመም። እንግሊዝ አገር በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት አጥር ላይ ጣሪያ ያለው በር አለ፣ ሊች ጌት ይባላል፣ የሬሳ ሳጥኑ ቄሱ እስኪመጣ የሚጠብቅበት። እንግዲህ ፍሬንድሊ ማለት የወዳጅ አካል፣ የወዳጅ መልክ ያለው ነው። «ላይክ» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው የወጣው። ስለዚህ ዩቲዩበሮች ሁሉ «ላይክ አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ» ሲሏችሁ ከሩቅ ከሬሳ ጋር እያዛመዷችሁ ነው። እኔም መጨረሻ ላይ እላችኋለሁ፣ ምን ላድርግ።

እዚህ ላይ ግን አማርኛችን ትዝ አለኝ። እነሱ አካል የሚለውን ቃል አምጥተው ጭራ አደረጉት። እኛ ተቃራኒውን ሠራን፤ «ሰው» ላይ ጭራ ቀጠልንና አካል አገኘን። ሰውነት። አስባችሁታል? «ልጅነት» እና «ደግነት» የማይነካ ነገር ናቸው፤ «ሰውነት» ግን ይታጠባል፣ ያሳክካል፣ ይወፍራል።

ዌድሎክን ሳልነካ ባልፍ ትቀየሙኛላችሁ። ጋብቻ ማለት ነው። ሁሉም ሰው መጨረሻው ላይ ያለውን «ሎክ» ቁልፍ ያደርገዋል፣ በተለይ ያገቡ ወንዶች። ከቁልፍ ጋር አይገናኝም። «ዌድ» ቃል ኪዳን ነው፣ «ላክ» ደግሞ ድርጊት፣ ጨዋታ፣ ስጦታም ይሆናል። ጥንት ይሄ ጭራ ውጊያና ዝርፊያ ላይ ሁሉ ይቀጠል ነበር፤ ሁሉም ሞቱና ዛሬ የቀረው በጋብቻ ብቻ ነው። ዝርፊያውን ትቶ ጋብቻው ላይ መቅረቱን እንደ ትዳራችሁ ተርጉሙት።

ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ «ተን» የእናንተ ነው። አርሊንግተን፣ ዋሽንግተን። «ቱን» ማለት የታጠረ ግቢ ነበር፤ ግቢው እርሻ ሆነ፣ እርሻው መንደር ሆነ፣ መንደሩ ታውን ሆነ። የእኛም ግቢ ከጓሮ አጥር ተነስቶ ቤተ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ ደርሷል፤ «ግቢ ገባ» ስንል ማን ስለ አጥር ያስባል? የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ሰሜን እንግሊዝ ካለች ዋሽንግተን ከምትባል ቦታ ነው፤ እሷ ደግሞ ዋሳ ከሚባል ሰው ጋር የተያያዘ ግቢ ናት። የኃያሏ አገር ዋና ከተማ፣ ኑሮዬን ላቃና ብላችሁ የሄዳችሁበት፣ የዋሳ ግቢ ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ትክክለኛው ትርጉም የጥንቱ ነው» የሚል ሰው። አይደለም። ቃል በዛሬ ተናጋሪው እጅ ነው ያለው፤ ጋንግስተር ዛሬ እትዬ አይደለም። እኔ ጨዋታውን ነው የፈለግኩት። እንዲያውም ጭራዎቹን ወደ አማርኛ ማምጣት ጀምሬያለሁ። ማታ ሠፈራችን መብራት ሲጠፋ «መብራትለስ ሆነናል» እላለሁ፣ ከመብራት ነጻ። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምኩ እንደሆነ ሰልፍደም ተፈርዶብኛል። እናንተም ሞክሩና የራሳችሁን ላኩልኝ፤ ያሳቁኝን በሚቀጥለው ክፍል አነባለሁ። ደግሞ ላይክ አድርጉ። ሬሳውን ታውቁታላችሁ።