የኮርስ ገጾቻችንን እናስተካክል፦ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ለመምህራን የተደረገ ንግግር

ክቡራን የዩኒቨርሲቲያችን ኃላፊዎች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ኦንላይን ትምህርት በጥቅሉ እንድናገር ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ስለ ኮርስ ገጾቻችን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮቪድ ምክንያት ግቢው ሲዘጋ፣ በእጃችን ያለውን ሁሉ የኮርስ ገጾቻችን በሚገኙበት ሶፍትዌር በሙድልና በቴሌግራም ላይ ጫንን። ጊዜው የጭንቅ ነበር፤ ማንም አይፈርድብንም። ብዙዎቹ ገጾች ግን ዛሬም እንደዚያው ናቸው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። የሌላ መምህር ኮርስ ገጽ ከፈተና «መምህር፣ አሳይመንቱን አብረን እንፈልገው» አለኝ። የሚጠቀመው ኤንቪዲኤን ነው፤ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ የሚያሰማ ነፃ ሶፍትዌር። ኤች የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ ይወስደዋል። ተጫነ። ከኮርሱ ስም ሌላ ርዕስ የለም! የየሳምንቱ ስም በቦልድ ብቻ ነው የተጻፈው። ለእኔ ዓይን ርዕስ ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። ሊንኮቹን በዝርዝር አወጣ። «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» አለው። አንዱን ከፈተ፤ ስካን የተደረገ ሃንድአውት ስለሆነ ጸጥ አለ። ሌላውን ከፈተ፤ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ከላይ አማርኛ ይመስላል፤ ከሥር የተቀመጡት ግን የላቲን ፊደላት ናቸው። ሶፍትዌሩ ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፍ ጀመር።

አሳይመንቱን በመጨረሻ ያገኘሁት እኔ ነኝ። በሃንድአውቱ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ ተጽፏል። የማስረከቢያው ቀን አልፏል።

ይህ ልጅ ምን አጠፋ? ሰነፈ? ቀረ? አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ካጸደቀች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? የሚያነበው ነገር ማግኘት መብቱ ነው። ጓደኛውን እየለመነ፣ እኛን ደጅ እየጠና የሚማርበት ምክንያት የለም!

የሚያየውም ተማሪ ቢሆን እየተቸገረ ነው። በስልኩ፣ በራሱ ካርድ ነው የሚማረው። «ፋይናል» እና «ፋይናል አዲሱ» ከሚሉ ፋይሎች የትኛው እንደሚፈለግ ለማወቅ ሁለቱንም ማውረድ አለበት።

ሥራው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ ክፍል ይኑረው። ርዕሱ ከኤዲተሩ የርዕስ ስታይል ይመረጥ። ፋይሉም ሊንኩም በውስጡ ባለው ነገር ይሰየም። አሳይመንት ከነማስረከቢያ ቀኑ ለብቻው ይቀመጥ። የድሮ ፎንቶች ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ይቀየሩ፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቪዲዮ ካለም ከሥሩ ጽሑፍ ይኑረው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ከእናንተ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ምዝገባ ሳይጀመር ከዓይነ ስውራን ተማሪዎቻችን ጋር ቁጭ ብላችሁ ገጾቹን አንድ በአንድ እዩ። ተማሪዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ፈቃደኞች ናቸው።

አመሰግናለሁ።