ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጥይት
(በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ በአንድ የዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። ሸሆቹም ቄሶቹም፣ ዱአውንም ጸሎቱንም ስላደረሳችሁልን እናመሰግናለን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጠብመንጃችሁን ቤት ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ቁጭ ብለን ሳለ የአንዱ ክላሽ ከግድግዳ ተንሸራቶ ሲወድቅ ግማሻችን ወጥ ላይ እንደተኛን አልረሳውም።

የዕድሩ ዳኛ «ስለ መሣሪያ ንገረን» ሲሉኝ ትንሽ ግር ብሎኝ ነበር። ዕድራችን የሚያውቀው ድንኳንና ብረት ድስት ነው። ግን እውነት ነው፣ ወጣቱ በሬ እየሸጠ መሣሪያ ይገዛል፤ ሲገዛ የሚመክረው የለም። እኔ ሃያ ዓመት ገደማ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ጥይት ስቆጥር ነው ያረጀሁት። ፖለቲካ አላወራም፤ እሱን ሌላ ቦታ ትሰሙታላችሁ። የማወራው ፈቃድ ስላለው አባወራ ነው። ጅብ በረት ሲገባበት፣ ሌባ ሲመጣበት፣ መንገድ ተዘግቶ ደራሽ ሲጠፋ ቤቱ ምን ቢኖር ይሻላል? ይኸው ነው ነገሬ።

እኛ ጠብመንጃ የምንመርጠው በመልኩ ነው። «ታጣፊ ነው ባለ ሰደፍ?» እንላለን። እንጨቱን በእጃችን እናሻለን፣ ትከሻችን ላይ እንለካዋለን። «ምን ይበላል? የሚበላውስ የት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን ነው፤ መሣሪያ ስንገዛ ግን ሆዱን እንረሳለን።

አባቴ ምንሽር ነበረው። ከአያቴ የወረደ ነው። በየሳምንቱ ቅባት ይቀባዋል፣ ሰደፉ እንደ መስታወት ያበራል። ጥይቱ አምስት ነበር። ልጅ ሆኜ አምስት፣ ጎልምሼም አምስት። ለምን አትሉም? ሌላ አይገኝማ! በ77 ያ ክፉ ቀን ሲመጣ በሬውም አለቀ፣ ጎተራውም ባዶ ሆነ። አባቴ ምንሽሩን ተሸክሞ ገበያ ወጣ። ገበያተኛው አገላብጦ አየው፣ አደነቀው፣ ጥይቱን ጠየቀው። በአንድ ቁና ገብስ የሚወስደው ጠፋ። ማታ ይዞት ሲመለስ እናቴ «ምርኩዝህን ይዘህ መጣህ?» አለችው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከጥይቱ ነው። መጀመሪያ በአካባቢያችሁ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው ጥይት የቱ ነው በሉ። ጎረቤት የያዘው፣ ሚሊሻው የሚይዘው የቱ ነው በሉ። ከዚያ ያንን የሚበላ መሣሪያ ፈልጉ። የድሮ ጠብመንጃ ያላችሁ ለቅርስ አስቀምጡት፤ ለልጅ አሳዩት፤ ለክፉ ቀን ግን አትመኑበት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው» ይልና ያበቃል። አላበቃም! 7.62 የአረሩ ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ቀለሁ፣ ባሩዱን የያዘው ማለቴ ነው፣ በርዝመት ይለያያል። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ነው። ጂ ስሪ የሚባለው ጠብመንጃ 51 ነው። እኛ ብሬን የምንለው መትረየስ፣ ፒኬኤሙ፣ እና የድራጉኖቭ ስናይፐሩ 54 ነው። የጃንሆይ ጊዜው የአሜሪካ ኤም ዋን 63 ነው። አራቱም «7.62» ይባላሉ፣ አንዱ ግን ለሌላው መሣሪያ አይሆንም። የክላሹን ጥይት ከሥር እስከ ጫፍ ብትለኩት 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የብሬኑ 7.7 ይሆናል፣ ሥሩም ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ጨለማ ውስጥ በጣት ዳስሳችሁ መለየት ትችላላችሁ። ሲሞኖቭ የሚባለው ጠብመንጃ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ የክላሹን ያንኑ ጥይት ነው የሚበላው። ደግሞ ቀጭኗ የክላሽ ጥይት አለች፣ 5.45 የምትባለው። እሷ ለሌላ ክላሽ ነው የተሠራችው። «ክላሽ ነው፣ ያው ነው» ብሎ ከወፍራሙ የሚቀላቅል ሰው አይቻለሁ። አይደለም፣ ያው አይደለም።

ቀጥሎ ስንት ይበቃል ትሉኛላችሁ። ስንት እንደሚፈቀድላችሁ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል ጠይቁ። እኔ ግን ክብደቱን ልንገራችሁ። አንዱ የክላሽ ጥይት 16 ግራም ገደማ ነው። 300 ጥይት ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። አምስት ኪሎ በሶ ቤት ውስጥ ቢኖር አንድ ሰው ሳምንት ይከርምበታል። በ2013 ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያድር ታስታውሳላችሁ። ልጅ ያዘለች እናት ጥይት አልነበረም የቸገራት። ውሃና ቆሎ፣ ፍራሽና መድኃኒት ነበር። እና መጀመሪያ ጎተራ፣ ከዚያ ውሃ መያዣ ጀሪካን፣ ከዚያ መሣሪያ። እርሻ በሬውን ሸጦ ክላሽ የገዛ ሰው በሰኔ ምን ይዞ ሊያርስ ነው?

ወጣቶች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ክላሽ በተከታታይ ሲተኮስ በደቂቃ 600 ገደማ የሚተፋ ፍጥነት አለው። ካዝናው 30 ይይዛል። ሒሳቡን ሥሩት፤ ሦስት ሰከንድ ነው። «ጠጠጠጠ» አለ፣ አለቀ፣ ጅቡም በጉን ይዞ ሄደ። ነጠላ ላይ አድርጋችሁ ያነጣጠራችሁት አንድ ጥይት ይሻላል። እስከ 400 ሜትር ነው ደህና የሚመታው፤ አረሩ ግን ከ1,500 ሜትር በላይም ሄዶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ከጅቡ ኋላ የማን ቤት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለሙያ ነኝ ስል የነበርኩት ሰውዬ ጥይቴን የት አስቀመጥኩ? ገብስ ጎታ ውስጥ። ልጆች እንዳያገኙት ብዬ ነው፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እህሉ እርጥበት ያዘና ሁለት ክረምት ጥይቱ እዚያው ላበ። አንድ ሌሊት ውሾቹ ተንጫጩ። ወጣሁ፣ አቀባበልኩ፣ ቃታ ሳብኩ። «ጠቅ»። ጥይቱ ከሸፈ። ልቤ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። ደግነቱ ያን ጊዜ የግምጃ ቤቱ ልማድ አልለቀቀኝም። አፈሙዙን ወደ ባዶው ተራራ እንዳዞርኩ፣ ሳልነካካ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። አንዳንዱ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳልና። ጠዋት ሳወጣቸው ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ እንደ ሻገተ ዳቦ። ሁሉንም ወስጄ ለፖሊስ አስረከብኩ። ባለቤቴ «ገብሱንስ ማን ሊበላው ነው?» ብላ ወር ሙሉ አኮረፈችኝ።

ጥይት ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ምድጃ ላይ ያለ ቆጥ አይሆንም፣ ይሞቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሆንም፤ በተለይ ባቲና ቆቦ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው። ክዳኑ ጥብቅ ያለ የብረት ሣጥን ይበቃል። ጥይቱን ዘይት አትቀቡት፤ ዘይቱ በሥሩ ገብቶ እሳት መጫሪያውን ሊያበላሸው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጨው የተማርኩት። አሞሌ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚያልብ ታውቃላችሁ። የድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ብዙዎቹ ሲተኮሱ በቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋሉ። ያ ጨው የክረምቱን እርጥበት ይስባል፣ ቱቦውም ይዝጋል። ዘይት ብቻ ብትቀቡ ጨው በዘይት አይሟሟም። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ነው ቅባት። «ብረት በውሃ ይታጠባል እንዴ?» የሚል አለ። አዎ፣ ይታጠባል።

መሣሪያው ቤት ሲገባ ካዝናው ይነቀል። በመሣሪያው የጥይት ማጉረሻ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ጥይት ሌላ ቦታ፣ መሣሪያ ሌላ ቦታ፣ ሁለቱም ቁልፍ ሥር። ልጅ የት እንደደበቃችሁ ሁልጊዜ ያውቃል፤ እኛም እናውቅ ነበር።

ለሠርግና ለለቅሶ ስለሚተኮሰው ብዙ አልናገርም፣ ትቆጡኛላችሁ። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይወርዳል። ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ እስከ አሁን አላየሁም። ሙሽራው ቢፈልግ ዕድሩ ከበሮ ያቀርብለታል።

ስለ ሕጉም፣ ከ2012 ጀምሮ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። «የአጎቴ ነው፣ ተውሼ ነው» ብሎ ነገር አይሠራም። ሳይመዘገብ የወረሳችሁት ካለ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ባዶ ቀለህ ደርድሬያለሁ፤ ባሩድም አረርም የላቸውም፣ አትፍሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ብቻ የትኛው የክላሽ እንደሆነ ለዩልኝ። እትዬ፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ ቡናው እስኪደርስ ሁሉም ይሞክረው።